የከሰሉን ፉርጎ ከቡፌ አውጡት

በዚህ ሳምንት ስለ ባቡር ፉርጎ ልጽፍ ነው ስል አንድ ወዳጄ «የኢትዮ ጅቡቲውን ነው?» አለኝ። አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ስለሚሸጥ፣ መዳፍ ላይ ስለሚቀመጥ፣ የሞዴል ባቡር የድንጋይ ከሰል ፉርጎ ነው። ሳቀብኝ። እናንተም ሳቁ፤ ግን አንብቡ። ነገሩ የመጫወቻ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአጎቴ ልጅ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደውሎ ከእንቅልፌ አይቀሰቅሰኝም ነበር።

ወንድም ጋሼ ነው የምለው። ድሬዳዋ ለገሃር ሰፈር አድጎ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ ሹፌር ነው። እሱ አሜሪካ በገባ ሰሞን በከተማዋ ፖቶማክ ወንዝ ዳር በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘግቷል። ወንድም ጋሼ ከሌሊት ሥራ ሲመለስ የከሰል ባቡር ከገጠመው ቆሞ ፉርጎውን ይቆጥር ነበር። «እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ነው» ይላል። የድሬ ልጅ ባቡር አይቶ ሳይቆም አያልፍም፣ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

አሁን የ9 ዓመት ልጅ አለው። ልጁ የአባቱን የፉርጎ ቆጠራ ሰምቶ ሰምቶ «ያንን ባቡር ሳሎን ውስጥ ካልሠራን» አለ። አባት ሱቅ ሄደ፤ አዋቂ የተባሉ ሰዎችን ጠየቀ። «ምርጡን ብራንድ ግዛ፣ ርካሹን በእጅህ እንዳትነካ» አሉት። አምስት ፉርጎ በ270 ዶላር ገዛ። የብራንዱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የዚያ ብራንድ ብቻ እንዳልሆነ ወደ ታች ታያላችሁ። በማግስቱ የአንደኛው ፉርጎ መሰላል፣ ውፍረቱ ከክር የማይበልጥ ፕላስቲክ፣ በልጁ ጣት ተሰበረ። በሦስተኛው ቀን አምስቱም ቡፌ ውስጥ ገቡ። እናታችን ለእንግዳ ብላ ከምታስቀምጠው፣ እንግዳም መጥቶ ከማያየው የሲኒ ስብስብ ጎን። ልጁ በመስታወት ያያቸዋል።

የደወለልኝም «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ አጣራልኝ፤ የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ሊለኝ ነው። አጣራሁ። መልሴ አላስደሰተውም። የትኛው ብራንድ ይሻላል የሚለውን ጥያቄ ያስያዙት ሻጮቹ ናቸው፤ ያንን ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው ቡፌ እንጂ ባቡር አይሠራም።

ከዕቃው ልጀምር። የመንገደኛ ባቡር በሦስት ፉርጎ ያምራል። የከሰል ባቡር ግን በሦስት ፉርጎ የከሰል ባቡር አይደለም። ዋዮሚንግ ውስጥ ፓውደር ሪቨር ከሚባለው የማዕድን ቀጠና የሚነሳው ባቡር ከመቶ በላይ አንድ ዓይነት ፉርጎ ይጎትታል፤ ውበቱም ያ አሰልቺ ርዝመቱ ነው። ወንድም ጋሼ ሲቆጥር የነበረው ይኼንን ርዝመት እንጂ የመሰላሉን ቅጥነት አልነበረም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ኤች ኦ የሚባለው ልኬት ነው፤ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ፣ ሐዲዱ 16 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው። በዚህ ልኬት አንድ ዘመናዊ የከሰል ፉርጎ 18 ሴንቲ ሜትር ግድም ይረዝማል። 110 ፉርጎ ልደርድር ካልክ 20 ሜትር ያህል ቦታ፣ አንዱን በ50 ዶላር ብታስብ ደግሞ 5,500 ዶላር ያስፈልግሃል። ሳሎኑ አይችለውም፤ ኪሱም አይችለውም። ግን አሥራ አምስት ፉርጎ ዓይን ያታልላል፤ ኩርባ ላይ ሲጠመዘዝ ጭራው ከሶፋው ኋላ ከተደበቀ ልጅ መቶ ነው ብሎ ያምናል። እንግዲህ ለዚህ ቤት ጥያቄው በያዘው ገንዘብ ስንት ፉርጎ ሳይወድቅ መሄድ ይችላል የሚል ነው። «ምርጡን ግዛ» ያሉት ሰዎች አምስት ፉርጎ አስይዘውት ሄዱ።

ይህን የተረዳ ኩባንያ የለም እንዳይባል፣ የጃፓኑ ካቶ አለ። ኤን በሚባለው፣ 160 ጊዜ ባነሰው ልኬት፣ የከሰል ፉርጎውን ቁጥራቸው የተለያየ ስምንት ስምንት አድርጎ በአንድ ካርቶን ይሸጣል። ስምንቱም ባቡር ሊሆኑ ነው የተወለዱት። ወንድም ጋሼ ኤች ኦ ሐዲድ ባይዘረጋ ኖሮ እዚሁ ላይ ወሬዬን እጨርስ ነበር።

ወደ ብራንድ ልመለስ። መርካቶ ዕቃ ስንገዛ የማንተዋት አንዲት ጥያቄ አለችን፦ «ኦርጅናል ነው ወይስ የቻይና?» ወንድም ጋሼ ይህችን ጥያቄ ይዞ ነው ውቅያኖስ የተሻገረው። እዚህ ዕቃ ላይ ግን አትሠራም። ውዱም ርካሹም በአብዛኛው የሚመረተው ቻይና ነው። ባክማን እ.ኤ.አ. በ1833 ፊላደልፊያ ውስጥ ማበጠሪያና የመሳሰለውን በመሥራት የጀመረ ቤት ነው፤ ዛሬ ባለቤቱ ካደር የሚባል የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አፋ የሚባል አንድ የቻይና አምራች ሥራ ሲያቆም፣ ሱቅ መደርደሪያ ላይ እርስ በርስ የሚፎካከሩ በርካታ የአሜሪካ ብራንዶች ምርታቸው በአንድ ጊዜ ተደነቃቀፈ። ደንበኞቻቸው የእኔ ይበልጣል፣ የእኔ ይበልጣል እያሉ ሲጣሉ ዕቃው ከአንድ በር ነበር የሚወጣው።

ፕላስቲኩ የሚፈስበት ሞልድም ከቤት ቤት ይዞራል። ዋልተርስ እ.ኤ.አ. በ2005 ላይፍ ላይክን ሲገዛ ፕሮቶ የሚለውን ስም አብሮ ወሰደ። አታርን ራውንድሀውስን ጠቀለለ። ቦውሰር የስቱዋርትን ከሰል ፉርጎዎች ወረሰ። ስለዚህ አንድ አዛውንት «የድሮው የእነ እገሌ ፉርጎ ነበር ፉርጎ» ብሎ ሲሟገት፣ የሚሟገትለት ሞልድ በዚያው ሰዓት የሚንቀው ብራንድ ካርቶን ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የባሰም አለ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው አንድ ስም ራሱ አንድ ጥራት አይደለም። አታርን ጄነሲስ የሚል ውድ መስመር አለው፤ ሬዲ ቱ ሮል የሚል ቀለል ያለም አለው። ዋልተርስ ፕሮቶና ሜይንላይን አለው። አትላስ ከዋናው መስመሩ ዝቅ አድርጎ ትሬይንማን የሚለውን ይሸጣል። ባክማንም ለጀማሪ ልጆች ከሚሸጠው ካርቶን ውስጥ ያለው ፉርጎና የብረት ጎማ የተገጠመለት ሲልቨር ሲሪስ አንድ አይደሉም። «ባክማን ቆሻሻ ነው፣ አታርን ጥሩ ነው» የሚል ሰው የትኛውን ባክማን፣ የትኛውን አታርን ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ ከሃያ ዓመት በፊት የገዛውን ነው የሚነግራችሁ።

እዚህ ላይ «አሜሪካ የተሠራውን ግዛ» የሚሉም ተነሱ። ሁለት ቤቶች በዚህ ይታወቃሉ። አንዱ ኦሪገን ውስጥ ዋይት ሲቲ ያለው ኬዲ ነው፤ ተገጣጥሞ ያለቀ፣ ዝርዝሩ የሚያስደንቅ ፉርጎ ይሠራል። ሌላው ኢሊኖይ ውስጥ ኤልበርን ያለው አኩሬል ነው፤ ማታ ከልጅህ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ የምትገጣጥመው፣ መሰላሉ ከግድግዳው ጋር አብሮ የፈሰሰ፣ ዋጋው ከውዶቹ ግማሽ የማይሞላ ፉርጎ ያቀርባል። ሁለቱንም አከብራለሁ። ለወንድም ጋሼ ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ ምክንያቱም የሌላ ዘመን ናቸው። የኬዲው ክፍት የከሰል ፉርጎ ባለ 50 ቶኑ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ ባሉት ዓመታት በየሐዲዱ የነበረው ዓይነት ነው። የአኩሬሉ ባለ 55 ቶን ደግሞ ንድፉ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የባቡር ድርጅቶቹን ተረክቦ ሲያስተዳድር የወጣ ነው። የእንፋሎት ባቡር የጎተታቸው ናቸው። ወንድም ጋሼ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ቆሞ የቆጠረው ፉርጎ ግን 100 ቶን ግድም የሚጭን፣ ረጅም ግድግዳ ያለው ነው። አማካሪዎቹ «ምርጡ ኬዲ ነው» ሲሉት አንዳቸውም «የየትኛውን ዓመት ባቡር ነው የምትሠራው?» ብለው አልጠየቁትም። ለኔ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ሰውየው ትዝታውን ይዞ መጣ፤ እነሱ የዋጋ ደረጃ ነገሩት።

የዘመኑን ነገር ካነሳን አይቀር፣ በራሱ ውብ የሆነ አንድ ዕቃ ላሳያችሁ። የድሮው የከሰል ፉርጎ ሆዱ ላይ በሮች አሉት፤ በሩ ሲከፈት ከሰሉ ወደ ታች ይፈሳል። ቤትጎን የሚባለው፣ ቤተልሔም ስቲል ያወጣው ዘመናዊ ፉርጎ ግን በር የለውም። ማራገፊያው ላይ ሲደርስ ከነሐዲዱ ተይዞ እንደ ጀበና ይገለበጣል። ከሚቀጥለው ፉርጎ ሳይፈታ እንዲገለበጥ በአንድ ጫፉ ያለው ማያያዣ ይሽከረከራል፤ ሠራተኛው የትኛው ጫፍ እንደሆነ ከሩቅ እንዲያውቅ ያ ጫፍ ሌላ ቀለም ይቀባል። ሞዴሉን ስትደረድሩ የተቀቡት ጫፎች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ካላዩ ባቡሩ ውሸት ነው። ይህን ለማስተካከል ሳንቲም አትከፍሉም፤ ፉርጎውን ማዞር ነው። በ60 ዶላር ፉርጎ አዙሮ የደረደረ ሰው ግን ፎቶ አይቻለሁ።

እንግዲህ ምን ይታይ? ጎማ፣ ክብደት፣ ማያያዣ። እነዚህን ሦስቱን ካርቶኑ ላይ ያለው ስም አይነግራችሁም።

ክብደቱ ላይ ልቆይ፤ የከሰል ፉርጎ ዋና ችግር እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ለኤች ኦ ያወጣው ምክር አለ፦ አንድ አውንስ፣ ከዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት ግማሽ አውንስ። ሰባት ኢንች ለሚረዝም ፉርጎ አራት ተኩል አውንስ ይሆናል፤ 128 ግራም ያህል። ጣሪያ ያለው ፉርጎ ቢሆን ሆዱ ውስጥ ብረት ደብቆ ይህን ማሟላት ቀላል ነው። የከሰል ፉርጎ ግን ከላይ ክፍት ነው፤ ባዶውን ሲሄድ ሁሉ ነገሩ ይታያል፣ ክብደት የምትደብቅበት ቦታ የለም። ስለዚህ ብዙው የከሰል ፉርጎ፣ ውዱም ጭምር፣ ቀሎ ነው የሚመጣው። ቀላሉን ከፊት፣ ከባዱን ከኋላ አድርጋችሁ ኩርባ ስትገቡ ቀላሉ ወደ ውስጥ ይሳብና ከሐዲዱ ይወጣል። ሰዎች «ብራንዱ መጥፎ ነው» ይላሉ። ሚዛን ላይ አላወጡትም እኮ።

መድኃኒቱ ደግሞ ጭነቱ ነው። የከሰል ፉርጎ ከሰል ሊጭን ነው የተሠራው። ከታች የብረት ዳዶ ደርድሩ (እርሳስ ልጅ ባለበት ቤት አታስገቡ)፣ ከላይ ፎም ቁረጡ፣ በላዩ ላይ የተፈጨ እውነተኛ የድንጋይ ከሰል በኮላ አልብሱ። የኩሽና ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ 128 ሲል አቁሙ። ይህን ሁሉ የ9 ዓመት ልጅ ይሠራዋል፤ ለአባቱም ያስተምረዋል።

ጎማው ላይ ረጅም አልናገርም። የብረት ይሁን፤ ፕላስቲኩ ሐዲድ ላይ ቆሻሻ እየጋገረ ይሄዳል። ባለ 100 ቶኑ ፉርጎ በእውነተኛው ዓለም ባለ 36 ኢንች ጎማ፣ የድሮው ባለ 33 ኢንች ነው የሚሄደው፤ በሞዴሉ ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ግን ተለይቶ ይሸጣል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን ስፋት ማኅበሩ በሚሸጠው ትንሽ የብረት መለኪያ እዩት። ማያያዣውን በተመለከተ ኬዲ ዝናው የሚገባው ነው፤ ፉርጎውን ሳይሆን የብረት ማያያዣውን ለብቻው ገዝታችሁ ለሁሉም ፉርጎ ግጠሙት። ፕላስቲክ ማያያዣ አምስት ፉርጎ ይጎትታል፤ አሥራ አምስት ሲሆን ምንጩ ይላላና ባቡሩ መሐል ላይ ይበጠሳል። አንድ ዓይነት ማያያዣ፣ አንድ ዓይነት ጎማ፣ እኩል ክብደት ካላችሁ የአትላስ ትሬይንማን ባለ 90 ቶንና የዋልተርስ ሜይንላይን ባለ 100 ቶን አብረው ይሄዳሉ፤ ካርቶናቸው ላይ ምን እንደተጻፈ ሐዲዱ አያውቅም።

ለተቃዋሚዎቼ መናገር የምችለው አንድ ሐቅ አለ። እጅግ ውዱን ፉርጎ የሚገዙት ሁሉ ሞኞች አይደሉም። በብሎኑ ጭንቅላት ቁጥር የሚደሰት፣ አንድ ፉርጎ ይዞ የማታ ሰዓቱን የሚያሳልፍ፣ እውነተኛውን ፎቶ አጠገቡ አድርጎ ዝገቱን በብሩሽ የሚቀባ ሰው አለ። እሱ ሥዕል እንደሚሰበስብ ሰው ነው፤ ገንዘቡን ይብላበት። ጠቤ እሱ የራሱን ፍላጎት የሁሉ ሰው ፍላጎት አድርጎ ለሹፌሩ አባት ሲመክር ነው። ከዚያ ይበልጥ ጠቤ ከሽያጩ አሠራር ጋር ነው። ኩባንያዎቹ ፉርጎውን ሳያመርቱ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቀድመው ያስታውቃሉ፤ በትእዛዙ ልክ አንዴ ያመርቱና «አልቋል» ይላሉ። ገዢው ይዋከባል። ዛሬ ካላዘዝኩ ያመልጠኛል ብሎ ለማይሠራው ባቡር ፉርጎ ያዛል። ያዘዘውም ካርቶኑን ሳይከፍት መደርደሪያ ላይ ይሰቅለዋል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 አሜሪካ በቻይና ዕቃ ላይ ቀረጡን 145 በመቶ ስታደርስ፣ በቀጣዩ ወር ወደ 30 ስታወርደው፣ ይኸው የመዋከብ ገበያ ሌላ ምክንያት አገኘ፦ «ሳይጨምር ግዛ»።

ደግሞ «በዚህ የአየር ንብረት ዘመን ከሰል ምን ያስመካል?» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። የአሜሪካ የከሰል ምርት እ.ኤ.አ. በ2008 ከ1 ነጥብ 1 ቢሊዮን ቶን በላይ ነበር፤ በ2023 ከ600 ሚሊዮን በታች ወርዷል። የወንድም ጋሼ ማመንጫም የለም። ልጁ የሚሠራው ሊያየው የማይችለውን የአባቱን ሌሊት ነው። ለዚህ ማንም ይቅርታ መጠየቅ ያለበት አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ስነግረው ወንድም ጋሼ ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ ምን ላድርግ ነው የምትለው?» አለኝ። አምስቱን ከቡፌ አውጣ፤ ሦስቱን ሞዴል የሚሸጥበት የቅዳሜ ባዛር ላይ ወስደህ ሽጥ፤ በዚያው ባዛር ጠረጴዛ ሥር ካሉት ካርቶኖች የተገለገለባቸውን አታርኖች ፈልግ፤ ማያያዣቸው የድሮው ባለ ቀንዱ ፕላስቲክ ስለሆነ ከአዲሱ ጋር አይያያዝም፣ ትቀይረዋለህ፤ የቀረውን ከትሬይንማንና ከሜይንላይን ሙላ። መሰላሉ የተሰበረውን አትሽጠው፤ እሱ የልጁ ነው።

«ሰዎቹ ቢስቁብኝስ?» አለኝ።

«የትኞቹ ሰዎች? ሳሎንህ ውስጥ ማን አለ?»

አኩርፎ ስልኩን ዘጋ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ትናንት ቪዲዮ ላከልኝ። ቡፌው በግማሽ ባዶ ነው። ምንጣፉ ላይ አሥራ አራት ፉርጎ፤ አራት ዓይነት ብራንድ፣ ጥቁርና ቡናማ፣ አንዱ መሰላል የለውም። ልጁ በሆዱ ተኝቶ በእንግሊዝኛ ይቆጥራል፤ አባትየው ከኋላ በአማርኛ ያርመዋል። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ፉርጎው ኩርባው ላይ ከሐዲዱ ወጣና ቪዲዮው ተቋረጠ።

ሚዛን ላይ አውጡት ብዬ ጻፍኩለት። 96 ግራም ነው አለኝ። ዳዶ ጨምሩበት።